ሁሉም የሚያውቀው ቃል

ሲወስዱኝ ነጠላዬን እንኳ አላጣጠፍኩም ነበር። የደብረ ዘይት እሑድ ነው። ቅዳሴ ጨርሰን ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ስንወጣ ሲቪል የለበሱ ሁለት ሰዎች ቀረብ ብለው፣ «መምህርት፣ ለአንድ ጉዳይ ትፈለጊ ነበር» አሉኝ። አንደኛው ቦርሳዬን ተቀበለኝ። ሊያግዘኝ መስሎኝ «እግዜር ይስጥልኝ» አልኩት።

ያስገቡኝ ክፍል ቀድሞ የዕቃ ማከማቻ የነበረ ይመስለኛል። መስኮት የለውም። ብርሃን የሚገባው ከጣሪያው ሥር ባሉ የብሎኬት ቀዳዳዎች ነው። የመጋቢት ፀሐይ ስታርፍበት ቆርቆሮው ቀጭ ቀጭ ይላል፤ የሙቀቱን መምጣት በዚያ ድምፅ ነበር የማውቀው። ግድግዳው እስከ ወገብ ድረስ ጠቁሯል፤ ከእኛ በፊት የነበሩ ሰዎች ጀርባቸውን ያስደገፉበት ነው። ስቀመጥ እንዳልነካው ብዬ ነጠላዬን ከኋላዬ አደረግሁ። ትንሽ ቆይቼ አፈርኩና መልሼ ለበስኩት።

ውስጥ ሁለት ሴቶች ነበሩ። አንደኛዋ ሲቀላ ገበያ ጨርቅ በጅምላ የምትሸጥ ነጋዴ ናት፤ ወላጆቿ ከስልጤ መጥተው እዚሁ አርባ ምንጭ የወለዷት። መንገድ በተዘጋ ቀን ሱቋን ስለዘጋች «ተባብረሻል» ተብላ ነው የመጣችው።

«ግቢ፣ ግቢ» አለችኝ። «እንኳን ደኅና መጣሽ ግን አልልሽም፤ ነውር ይሆንብኛል። ጾመኛ ነሽ?»

«አዎ፣ ሁዳዴ ነው።»

«እኔም ረመዳን ላይ ነኝ። በይ ተመስገን በይ፤ ምሳ አመጡ አላመጡ ብለን አንጨነቅም።»

ሁለተኛዋ ከላንቴ ወዲያ ካለች ቀበሌ የመጡ፣ በዕድሜ እናቴን የሚያህሉ ሴት ናቸው። ሙዝ ያለማሉ። ጥግ ላይ እግራቸውን ዘርግተው ተቀምጠዋል። አማርኛቸው የገበያ አማርኛ ነው፤ ወንዱንም ሴቱንም «አንተ» ይላሉ። ሲያዩኝ ተነሡ።

«ቲቸር! አንተንም አመጡህ?»

«አዎ እማማ፣ አመጡኝ።»

«በኛ ነው» አሉ ወደ ነጋዴዋ ዞረው። «ይሄ ልጅ በኛ ነው የታሰረው።»

እውነታቸውን ነው። እኔ የወሎ ልጅ ነኝ። አርባ ምንጭ የመጣሁት በዕጣ ተመድቤ፣ እንግሊዝኛ ላስተምር ነው። እዚህ ዘመድ የለኝም፤ ያለኝ ቤተ ክርስቲያን ነው። በየካቲት ለኪዳነ ምሕረት ንግሥ ወደዚያች ቀበሌ ሄጄ ነበር። ከንግሡ ስንመለስ ሴቶች ከበቡኝና ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ማስታወቂያ እንዳነብላቸው ለመኑኝ። እኚህ ሴት ከፊት ነበሩ። አነበብኩላቸው፤ ግን አልገባቸውም። «ይዞታ» ይላል፣ «ምትክ» ይላል፣ «የልማት ተነሺ» ይላል። በየቃሉ ቆም እያልኩ አስረዳሁ። «የልማት ተነሺ ማለት ከእርሻችሁ የምትለቁ ማለት ነው» ስል ሁሉም ወደ ሙዙ ዞረው አዩ። በሳምንቱ ሰዉ ከነልጁ ወጥቶ አስፋልቱ ላይ ተቀመጠ። እኔ ያን ዕለት ክፍል ውስጥ ሳስተምር ነበር።

ሰኞ መርማሪው አስጠራኝ። ከጋሞ ደጋ የመጣ ወጣት ነው፤ ድምፁ ለስላሳ፣ ሸሚዙ በደንብ የተተኮሰ። ከቦርሳዬ የወጡ ወረቀቶች ጠረጴዛው ላይ ተደርድረዋል።

«ሰዉን ምን ብለሽ አስረዳሽው?»

«የተጻፈውን።»

«ከእርሻችሁ ትለቃላችሁ ይላል ማስታወቂያው?»

«የልማት ተነሺ ይላል።»

«እና?»

«እንደዚያ ማለት ነው።»

ብዕሩን አስቀመጠ። «መምህርት፣ ሰው ሳይገባው በሰላም የተቀመጠበትን ነገር ማስረዳት አደጋ አለው። ይሄን ታውቂያለሽ።»

አፌ ደርቋል፤ ከጾሙ ብቻ አልነበረም።

ወረቀቶቹን በጣቱ ገለጥ ገለጥ አደረገ። «ይሄስ የምን ቃላት ነው? እንግሊዝኛ እኔም አንብቤ አውቃለሁ። ይሄ ግን እንግሊዝኛ አይመስልም። ኮድ ነው?»

ለማስተርስ የምሠራው ጽሑፍ ነበር፤ ስለ መጀመሪያዎቹ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት። ኮፒ ያደረግኋቸው ገጾች የዛሬ አራት መቶ ዓመት አጻጻፍ ስላላቸው ነው ግራ የገባው። ከጭኔ ሥር እጄን ደብቄ አስረዳሁት። በዚያ ዘመን እንግሊዝኛ ከላቲንና ከፈረንሳይኛ ብዙ ቃል ተበድሮ ነበር። የተማረው በዚያ ይሰብካል፣ በዚያ ይፈርዳል፤ ያልተማረው ይሰማና አንገቱን ነቅንቆ ወደ ቤቱ ይሄዳል። እንግዲህ አንዳንድ አስተማሪዎች ከባድ ከባዱን ቃል ለቀሙና ጎን ለጎን ቀላል ፍቺውን ጽፈው ቀጫጭን መጻሕፍት አወጡ። ላቲን ያልተማሩ ሴቶች በስብከት የሰሙት ቃል እንዲገባቸው ነው ያሉም ነበሩ። ዳቦን፣ ውሃን፣ እጅን ግን አልጻፉም። እሱንማ ማን ያጣዋል።

«እንደ እኛ ግእዝ» አለ።

«እንደ እኛ ግእዝ።»

ፈገግ አለ። ለአንድ አፍታ ቁጭ ብለን የምናወጋ መሰለኝ። ከዚያ መሳቢያውን ሳበና ሌላ ወረቀት አወጣ።

«ይሄ የሙዝ ገበሬዋ ሴትዮ ቃል ነው። ነገ ጠዋት ጣት ያሳርፉበታል። በሚገባቸው ቋንቋ ተብራርቶላቸዋል የሚል ሰው ያስፈልገኛል። ከባድ ቃል ማብራራት ሥራሽ ነው አይደል? አብራሪላቸው። እሳቸው ጣታቸውን፣ አንቺ ፊርማሽን። ከዚያ በዋስ ትወጫለሽ፤ ጾሙን በቤትሽ ትጨርሻለሽ።»

«ባያሳርፉስ?»

«ያሳርፋሉ። ራሳቸው ናቸው አምጣው የሚሉኝ።»

«ባያሳርፉስ?»

«እንግዲያው አላብራራሽላቸውም ማለት ነው» አለ፣ ድምፁን ሳይለውጥ።

ወረቀቱን ይዤ ተመለስኩ። ሐሳቡ አጭር ነው፤ ሕዝቡን ለሁከት በማነሳሳት፣ ከግብረ አበሮቼ ጋር መንገድ እንዲዘጋ ያደረግሁ መሆኔን፣ ለዚህም ጥፋተኛ መሆኔን አምኜ፣ ያለ ማንም አስገዳጅነት ቃሌን ሰጥቻለሁ ይላል። እኔ በቀላል አማርኛ ልናገር፣ ነጋዴዋ በጋሞኛ ልታሻግር ተስማማን። ጋሞኛ የተማረችው ከደንበኞቿ ነው። «ከጨርቅና ከክርክር ሌላ ብዙ ቃል የለኝም» አለች፤ ግን ጎበዝ ነበረች።

ሁከት ግርግር ነው አልኩ። ማነሳሳት፣ የተቀመጠውን ሰው ተነሥ፣ ውጣ ማለት ነው አልኩ። ሴትዮዋ በእጃቸው አስቆሙኝ።

«ገባኝ። መጨረሻው አጠፋሁ ነው የሚለው፣ አይደል?»

«አዎ።»

«በቃ። ጣቴን አደርጋለሁ።»

ነጋዴዋና እኔ ተያየን።

«እማማ፣ ሰዉን ውጡ ያሉት እርስዎ ነዎት እንዴ?»

«እኔ? እኔ ሙዝ ውስጥ ነበርኩ። ሰው ሲሄድ አይቼ ሄድኩ።»

«ታዲያ ለምን ያምናሉ?»

እንደ ሕፃን አዩኝ። አማርኛው ሲያጥራቸው ወደ ጋሞኛው ሄዱ፤ ነጋዴዋ እየተከተለች መለሰችልኝ። በእሳቸው አገር ሰው ሲጣላ ዱቡሻ ይወጣል፤ ሽማግሌዎች የሚቀመጡበት ሜዳ ነው። እዚያ ሁሉም ንጹሕ ነኝ ካለ ጠቡ አያልቅም። ዝናብ ይቀራል፣ ከብት ይጨነግፋል፣ ጎሜ ይሆናል።

«ጎሜ ማለት...» ነጋዴዋ አሰብ አደረገች፣ «ነውር ሠርቶ የደበቀ ሰው በአገሩ ሁሉ ላይ የሚያመጣው ጦስ ነው።»

ስለዚህ አንድ ሰው ቀድሞ ይነሣል። እኔ አጠፋሁ ይላል። የተጣሉበትን ነገር እሱ ባያደርገውም ሆዱን ይፈትሻል፣ አንድ ጥፋት አያጣም። ከዚያ ሌላውም እኔም፣ እኔም ይላል። እርጥብ ሳር በእጅ ይያዛል፤ ይቅር ይባላል፤ ሁሉም ወደ ቤቱ ይገባል።

«የኔ ሰውዬ ነፍሱን ይማር፣ ሁልጊዜ መጀመሪያ የሚነሣ እሱ ነበር» አሉ በአማርኛ። «ነገ እኔ እነሣለሁ። ልጆቹ ይወጣሉ።»

ልጆቹ የሚሏቸው ከመንገዱ ላይ የተያዙት የቀበሌው ወጣቶች ናቸው። ከግድግዳው ወዲያ ባለው ክፍል ነበሩ፤ አንደኛው ያለማቋረጥ ይስላል።

እመቤቴ ትመስክርብኝ፣ በዚያች ሰዓት ያሰብኩት ስለ ልጆቹ አልነበረም። ዝም ብል ነገ ቤቴ ነኝ። ቃሉንም አልዋሸሁባቸውም፤ ሁከትም ግርግር ነው፣ ማነሳሳትም ማስነሣት ነው። ጥፋት የሚለውን ግን የትኛው መዝገበ ቃላት ያብራራዋል? ሁሉም ያውቀዋል ተብሎ የታለፈ ነው። እሳቸውም ያውቁታል። ቃሉን ሳይሆን ወረቀቱ ወዴት እንደሚሄድ ነው ያላወቁት።

«እማማ» አልኩ፣ «ይሄ ዱቡሻ አይደለም።»

«ጠብ ነው አይደል?»

«ነው።»

«ታዲያ?»

«እዚህ አጠፋሁ ካሉ በኋላ ይቅር የሚል የለም። ቁጥር ነው የሚመጣው።»

«የምን ቁጥር?»

«የዓመት። ይሄን ያህል ዓመት ይታሰሩ የሚል።»

ነጋዴዋ ስትነግራቸው ከልባቸው ሳቁ። «አጠፋሁ ያለውን? የደበቀው ነው እንጂ የሚቀጣ!»

«እናቴ፣ እዚህ የተገለበጠ ነው» አለች ነጋዴዋ። «ያመነ ይገባል፣ የካደ ይወጣል።»

«አንተ ነጋዴ ነህ፣ ትቀልዳለህ።»

«ወላሂ አልቀልድም።»

«ያ ልጅ የኛ ልጅ ነው» አሉ፣ መርማሪውን ማለታቸው ነው። «ቋንቋችንን ይናገራል። በዱቡሻ አጠገብ ነው ያደገው። ጠፍቶት ነው?»

ወረቀቱን አነሣሁና አቋርጠውኝ ወደነበረው ቃል ተመለስኩ።

«ግብረ አበር ይላል እዚህ ጋ። አብረውዎት ያጠፉ ሰዎች ማለት ነው።»

«እነማን?»

ወደ ግድግዳው አመለከትኩ። ከወዲያ የዚያ ልጅ ሳል ተሰማ።

ከነጋዴዋ አፍ አልጠበቁም። «እኔ አጠፋሁ ስል... እነሱም አጠፉ ይሆናል?»

«እርስዎ ጣትዎን ሲያደርጉ ለእነሱም ያደረጉ ይሆናል።»

እግራቸውን ሰበሰቡ። ወረቀቱን ከእጄ ተቀብለው ገልብጠው አዩት፤ ጀርባው ባዶ ነው። መልሰው ሰጡኝ።

ማታ ከነጋዴዋ ቤት ምግብ መጣ። ለእኔ ብላ ያለ ቅቤ አሠርታዋለች፤ የሽፈራው ቅጠል በበቆሎ። እሷ በቴምር አፍጥራ እኛን ቀድማ አጎረሰችን። ሴትዮዋ አንድ ጉርሻ ወስደው ተዉት።

«ምን አሰቡ እማማ?» አልኳቸው።

«ይነጋል» አሉኝ።

ነጋ። እሳቸው ምን እንደሚያደርጉ አላወቅሁም። ወደ ቢሮ ስንሄድ ከፊቴ ነበሩ፤ ግቢው መሃል ካለው ቧንቧ አጠገብ ቆም ብለው መሬቱን አዩ። ጠባቂው «ይሂዱ እንጂ» አላቸው። ሄዱ።

ቢሮው ውስጥ መርማሪውና አንዲት የኮምፒውተር ጸሐፊ ነበሩ። የጣት ቀለሙ ተከፍቶ ተቀምጧል። መርማሪው «እናቴ፣ ይቀመጡ» ብሎ ወንበር ሳበላቸው፤ ከዚያ ቀኝ እጃቸውን ይዞ አውራ ጣታቸውን ራሱ ቀለሙ ላይ ጫን አደረገው። እጃቸውን አልነጠቁትም።

«መምህርት፣ አብራርተሽላቸዋል?»

«አብራርቻለሁ።»

«ምን ምን ብለሽ?»

እንደ ቀላል ነገር ነው የጠየቀኝ፤ ለጸሐፊዋ እንዲመች። ተነሥቼ ቆምኩ። ተማሪ ሳለሁ ስጠየቅ እንደማደርገው ነው፤ ለምን እንደቆምኩ አላውቅም።

«ሁከት ግርግር ነው ብያለሁ። ማነሳሳት፣ የተቀመጠን ሰው ተነሥ ማለት ነው ብያለሁ። ግብረ አበር፣ ከግድግዳው ወዲያ ያሉት ልጆች ማለት ነው ብያለሁ።»

የጸሐፊዋ ጣቶች ቆሙ።

«ያለ አስገዳጅ የሚለውን አላብራራሁም፤ አልደረስኩበትም።»

«ጥፋተኛ መሆኔን አምኜ የሚለውንስ?»

«እሱን እሳቸው ናቸው ለእኔ ያስረዱኝ።»

ትኩር ብሎ አየኝ። ከዚያ ወደ ሴትዮዋ ዞረ። «እናቴ፣ ገብቶዎታል?»

«ገባኝ።»

«እንግዲያው እዚህ ጋ ያድርጉልን።»

ሴትዮዋ ጣታቸውን አንሥተው አዩት። ጠቁሯል።

«ሳር አስመጣ» አሉት።

«ምን?»

«ሳር። ከቧንቧው ሥር እርጥብ አለ፣ አይቻለሁ። አስመጣና እንቀመጥ። እኔ ያጠፋሁትን እናገራለሁ፤ ጥፋት አጥቼ አላውቅም። አንተም ያጠፋኸውን ትናገራለህ። ያኔ ጣት ምን ያደርጋል፣ ሙሉ እጄን እሰጥሃለሁ።»

መርማሪው ሳቀ። ወደ ጸሐፊዋ ዞረ፤ እሷ አልሳቀችም። ሳቁን መሃል ላይ ተወው። በጋሞኛ ዝቅ ባለ ድምፅ አንድ ነገር አላቸው። እሳቸው ከፍ ባለ ድምፅ መለሱለት፤ እኔ የያዝኩት ጎሜ የሚለውን ብቻ ነው። ጆሮው ሥር ላብ ወረደ። በእጁ ጀርባ ጠረገው።

«ይሄ ቢሮ ነው እናቴ» አለ በአማርኛ። «እዚህ እንደዚያ አይሠራም።»

ሴትዮዋ ወደ እኔ ዞሩ። «እውነትህን ነው ቲቸር። እዚህ አይታረቁም።» ከዚያ ለሁላችንም፣ «ውሃ ስጡኝ፣ ልታጠብ» አሉ።

ማንም አልተንቀሳቀሰም። ጠረጴዛው ላይ የመርማሪው የፕላስቲክ ውሃ ነበር። በሕይወቴ የሰው ነገር ሳላስፈቅድ አንሥቼ አላውቅም። አነሣሁት። ክዳኑን ከፈትኩና የቆሻሻ ቅርጫቱን በእግሬ ሳብ አድርጌ፣ ለታላቅ እንደሚደረገው ጎንበስ ብዬ አስታጠብኳቸው። ቀኙን ብቻ አልነበረም የታጠቡት፤ ሁለቱንም እጃቸውን ሳይቸኩሉ፣ ጣት በጣት። የጠቆረው ውሃ ቅርጫቱ ውስጥ ባለው ወረቀት ላይ ሲንጠባጠብ ይሰማ ነበር። ሲጨርሱ በቀሚሳቸው አደረቁና «ተባረክ» አሉኝ።

መርማሪው ክዳኑን ከጠረጴዛው ላይ አንሥቶ በጣቶቹ ያሽከረክር ነበር። «ሁለታችሁም ተመለሱ» አለ።

ሆሣዕናን እዚያው አሳለፍኩ። ነጋዴዋ ከእኛ ቀድማ ወጣች፤ ምግቡን ግን እስከ መጨረሻው ታመጣልን ነበር፣ እንደ ልማዷም ያለ ቅቤ። እኛንና ወጣቶቹን በትንሣኤ ዋዜማ «ሂዱ» አሉን። ሲይዙን ለምን እንደሆነ እንዳልነገሩን ሁሉ ለምን እንደለቀቁንም አልነገሩንም። ጣት ያረፈበት ወረቀት ስላልነበረ ነው የሚሉ አሉ። እኔ እግዚአብሔር ያውቃል እላለሁ። የመሬቱ ነገር እስካሁን አልለየለትም።

ጽሑፌን በኋላ ጨረስኩት። በቀጣዩ ዘመን የመጡት መዝገበ ቃላት አዘጋጆች ቀላሉንም ቃል ሁሉ ማስገባት ሲጀምሩ ነው ዋናው ፈተና የመጣባቸው ብዬ ጻፍኩ። አማካሪዬ ከጎኑ «ምሳሌ ጨምሪ» ብሎ ጻፈበት። አልጨመርኩም።

ታናሽ እህቴ ከወሎ ስትደውል «ያን አገር አሁንም አልለቀቅሽም?» ትለኛለች። ሴትዮዋ ያኔ አጠፋሁ ያለ ይቅር ይባላል ያሉት ነገር ለእኔ እንግዳ መሆን አልነበረበትም፤ እሱ ነው የሚከነክነኝ። እኔስ በንስሐ አባቴ ፊት ተንበርክኬ በድያለሁ ስል፣ ቀጥሎ «እግዚአብሔር ይፍታሽ» የሚለውን እንደምሰማ አውቄ አይደለም? ያን ቃል የሚናገር ሰው ከፊቴ ባይኖር ኖሮ አፌን አልከፍትም ነበር።

በዚህ ሳምንት በዘጠነኛ ክፍል የእንግሊዝኛ ንባብ ላይ አንዱን ቃል «ይቅርታ» ብዬ ስተረጉም አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ ይቅርታ ማለት ምን ማለት ነው?» አለች። ቃሉን በአማርኛ እያወቀችው ነው የጠየቀችኝ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀባት፤ እሱን ማን ያጣዋል ብለው። ሳቁ እስኪያበቃ ጠመኔውን ይዤ ወደ ሰሌዳው ዞርኩ። ምንም አልጻፍኩም።

«ነገ ውጭ ሳሩ ላይ እንቀመጥና እንነጋገርበታለን» አልኳት።